«ትውለድ» ያላችሁን ሰዎች፣ ምጡ ሌሊት ሲመጣ የት ናችሁ?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሰንብቷል። ትንንሽ የቤት ውሻ ላላቸው ሰዎች ለስሪያ የሚሆን «ዘሩ ያልተደባለቀ ወንድ» በክፍያ እናቀርባለን ይላል። ወንድ ውሻ ያለው ሰው ቢያከራይ በዚህ አልከራከርም። ያስቆጣኝ ከሥሩ በደማቅ ቀለም የተጻፈው ነው፦ «ሴት ውሻ በመጀመሪያ ፍላጎቷ ካልወለደች ትታመማለች፤ ዛሬውኑ ይደውሉ።» ደወልኩ። ሰውየው የውሻዋን ዕድሜ አልጠየቀኝም፤ ክብደቷንም አልጠየቀኝም። ዋጋውን ግን ሰላምታችንን ሳንጨርስ ነገረኝ። «ምጥ ቢጠናባትስ?» ስለው «አብሽር፣ ውሻ አይደለችም እንዴ? ራሷ ትወልዳለች» አለኝ።

ይህ ንግግር በሰዎች ሳሎን ውስጥ ደም እያፈሰሰ የሚያበቃ ንግግር ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ካልወለደች ትታመማለች የሚለው ሐሰት ነው። ትንንሽ ዝርያዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ፍላጎታቸውን፣ ማለትም ወንድ የሚሹበትን ወቅት፣ የሚያሳዩት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ ውሻዋ ራሷ ቡችላ ናት፤ የበላችው ሁሉ ገና ለራሷ አጥንትና ጡንቻ የሚያስፈልጋት ነው። ያልመከኑ ሴት ውሾች ዕድሜያቸው ሲገፋ ማህፀናቸው መግል የሚቋጥርበት፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ እንዳለ አውቃለሁ። የማስታወቂያው ወሬ የተነሣው ምናልባት ከዚያ ይሆናል። ግን ያ በሽታ የወለደችውንም አይምርም። ከዚያ የሚያድናት ማምከን ነው። የጡት ዕጢም ቢሆን አደጋው የሚቀንሰው በጊዜ በማምከን እንጂ በመውለድ አይደለም። የውሻዋ ጤና ከልብ ያሳሰበው ሰው ምሰሶ ላይ የሚለጥፈው «አምክኗት» የሚል ወረቀት ነበር።

«ራሷ ትወልዳለች» የሚለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። የሰፈራችን ውሾች በየአጥሩ ሥር ወልደው ማሳደጋቸውን ሁላችንም አይተናል። እነዚያን ውሾች የቀረጻቸው ግን ተፈጥሮ ነው፤ መውለድ ያቃታት ሞታለች፣ የቻለችው ዘሯን ተክታለች። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ የምትመዝነውን የቤት ውሻ የቀረጻት የሰው ምርጫ ነው። ሰው ትንሽ ገላ፣ ክብ ራስ፣ አጭር አፍንጫ ፈለገ፤ ያንኑ እየመረጠ አዳቀለ። ውጤቱ ጠባብ ዳሌና በዚያ በቀላሉ የማያልፍ ሰፊ የቡችላ ጭንቅላት ነው። በዚያ ላይ ትንንሽ ውሾች የሚያረግዙት ጥቂት ቡችላ ነው፤ አንዳንዴም አንድ ብቻ። አንድ ብቻውን የተፀነሰ ቡችላ ማህፀኑን ለብቻው ይዞ ይገዝፍና መውጫው ይጠበዋል። ወንዱ በአካል ከእሷ የሚበልጥ ከሆነማ አደጋው ገና በስሪያው ቀን ተጀምሯል። ስልክ ላይ ያነጋገርኩት ሰው የእኔን ውሻ ክብደት ሳያውቅ የእሱ ወንድ እንደሚስማማት በምን አወቀ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ ምጡ ግን የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምጥ ጀመረች እንበል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በኃይል እያማጠች ምንም ካልወጣ፣ ወይም የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ ወይም ቡችላ መቅረቱ እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ጸጥ ካለች፣ ጉዳዩ የጸሎት ሳይሆን የሐኪም፣ ብዙ ጊዜም የቀዶ ሕክምና ነው። ያውም በሰዓታት ውስጥ። ታዲያ በዚያ ሰዓት ደሴ ውስጥ ለማን ነው የምትደውሉት?

የእንስሳት ሐኪሞቻችንን እየወቀስኩ አይደለም። ወሎ የከብት፣ የበግና የፍየል አገር ነው፤ ሙያውም የተደራጀው ገበሬው በሬውንና ላሙን እንዳያጣ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የእንስሳት በሽታን የሚመረምር ላቦራቶሪ አለ። ነገር ግን የላም በሽታ የሚለይ ላቦራቶሪ መኖሩ እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ውሻ አደንዝዞ፣ ሆዷን ከፍቶ፣ ቡችሎቿን አውጥቶ፣ ሰፍቶ ከእነ ነፍሷ የሚመልስ ሰው አለ ማለት አይደለም። የዚህ ዓይነት ሥራ ለትንሽ ገላ ልክ የተመጠነ ማደንዘዣ፣ ሙቀት የሚሰጥ አልጋ፣ ቡችሎቹን እያሸ ትንፋሽ የሚያስጀምር ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። በሁለት ኪሎ ውሻ ላይ የማደንዘዣው ልክ ጥቂት ቢዛነፍ እናትየዋ ከጠረጴዛው አትነሣም። አዲስ አበባ ይኬዳል እንዳትሉኝ፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የታፈነ ቡችላ ሆዷ ውስጥ ይዛ ያንን መንገድ የምትጨርስ ትንሽ ውሻ የለችም።

ሐኪም ሲጠፋ የሚመጣው ደግሞ ያስፈራኛል። አንድ «ልምድ ያለው» ሰው ይጠራና ኦክሲቶሲን የተባለውን ምጥ የሚያፋጥን መርፌ ይወጋታል። መውጫው ተዘግቶ ሳለ ይህን መርፌ መስጠት ትልቅ ሣጥን በጠባብ በር ለማስወጣት ከኋላ በሙሉ ኃይል እንደ መግፋት ነው፤ የሚሰበረው በሩ ነው። ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል። ቤተሰቡም «ዕድሏ ነው» ብሎ ይቀብራታል፤ ምሰሶው ላይ ያለው ወረቀት ግን እንደተለጠፈ ይቀጥላል።

ብትገላገልም አላበቃም። ትንንሽ እናቶች ወተታቸው በሚበረታበት ጊዜ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት ይወርዳል። ያለከልካሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ እግራቸው ይገትራል፣ ከዚያም እንደሚጥል በሽታ ይጥላቸዋል። ሕክምናው በደም ሥር በዝግታ የሚሰጥ ካልሲየም ነው፤ በሰዓታት ካልደረሰ ትሞታለች። በእርግዝናዋ ወቅት «አጥንቷ እንዲጠነክር» እየተባለ የሚሰጣት የካልሲየም ክኒን ደግሞ ይህንን አደጋ ያባብሰዋል፤ ሰውነቷ ካልሲየምን ከራሱ አጥንት ማውጣት ስለሚለግም። ወንድ የሚያከራየው ሰው ይህንን ለስንት ደንበኛ ነግሯል? በግምት አልናገርም፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም።

መቼ ነው ታዲያ? ቢያንስ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፍላጎቷ ላይ ደርሳ፣ ዕድሜዋ አንድ ዓመት ተኩልን አልፎ ወደ ሁለት ሲጠጋ ነው፤ የመጀመሪያ ወሊዷን ደግሞ እስከ እርጅናዋ ማቆየት አይገባም። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የብሪታንያው ኬነል ክለብ አንድ ዓመት ሳይሞላት የተጠቃችን፣ ማለትም ስሪያ የተፈጸመባትን ውሻ ቡችሎች አይመዘግብም፤ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከወለደች በኋላ የምትወልዳቸውንም አይቀበልም። የሌሊት ሐኪም ለሞላበት አገር ይህ ደንብ ካስፈለገው፣ እኛ ከዚያ የላላ ደንብ ይዘን የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

የደሴን ብርድም አትርሱ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ የተወለደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገዛ ገላውን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በመስከረም መጨረሻ ያስጠቃ ሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውርጭ በሚበረታበት ሌሊት ያዋልዳል ማለት ነው። መብራት ቢጠፋ በምን ያሞቃቸዋል? የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትኖሩት በብርዱ በኩል ትሻላላችሁ፤ በሐኪሙ በኩል ግን ከእኛ ጋር እኩል ናችሁ።

ይገባታል ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ መቼ ከሚለው ይቀድማል። የጉልበቷ ሎሚ እየተንሸራተተ በሦስት እግሯ የምትዘል ውሻ፣ መንጋጋዋ የተዛባ፣ በፍርሃት ሰው የምትነክስ ውሻ፣ የቱንም ያህል ብታምር መራባት የለባትም። ይህ ሁሉ ወደ ልጆቿ ሊሄድ ይችላል። ቡችሎቹ ቢያንስ እስከ ስምንት ሳምንታቸው ከእናታቸው ጋር መቆየት፣ የጥገኛ ትል መድኃኒት መውሰድ፣ ሦስት ወር ሲሆናቸውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማግኘት አለባቸው። ገዢው ከስሪያው በፊት ካልታወቀ ያልተሸጡት የት እንደሚገቡ እናውቃለን፤ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚርመሰመሱትን ማየት በቂ ነው።

ትርፍ አለው የሚሉኝን አላምናቸውም። ከሁለት ቡችላ የሚገኘውን ገንዘብ አንድ ቀዶ ሕክምና ሊበላው ይችላል፤ ያውም ቀዶ ሕክምናው ከተገኘ።

«ሰው በተቸገረበት አገር ስለ ውሻ ምጥ ታወራለህ?» የሚለኝም አይጠፋም። ወሎ ያየችውን መከራ እኔም አብሬ አይቻለሁ። ግን ማንም ሰው ውሻውን አስረግዝ ተብሎ አልተገደደም። ሐኪሙና መድኃኒቱ እጥረት ላይ ናቸው ካልን፣ በፈቃዳችን አንድ ተጨማሪ ድንገተኛ በሽተኛ የምንፈጥርበት ምክንያት ጭራሽ የለም። የችግሩ ክርክር የሚያግዘው እኔን ነው።

ጤነኛ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች፣ ጠባየ መልካም ውሻ ያለው፣ ቡችሎቹን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ያገኘ፣ ሐኪሙም ቃል የገባለት ሰው ቢያራባ አልቃወምም። እንደዚህ ያለ ሰው በዚህ ከተማ ካለ ምሰሶ ላይ ያለ ወረቀት አያስፈልገውም።

የማስታወቂያውን ባለቤት የምጠይቀው ያንን ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ እንዲፍቀው ነው፤ በምትኩም «ከ18 ወር በታች አንቀበልም፣ ክብደቷን ሳንመዝን አናስጠቃም» ብሎ ይጻፍ። ባለ ውሾች ደግሞ ወደ እሱ ቁጥር ከመደወላችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪማችሁ ደውሉና «ከሁለት ወር በኋላ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ይህችን ውሻ ቀድደህ ታዋልድልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አልችልም ካለ ወንዱን ቤታችሁ አታስገቡ።