በሩን ይዤ ያሳለፍኳቸው ሌቦች

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ራሴን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስወርድ ሁለት ወጣቶች ቴሌቪዥን ተሸክመው ደረስኩባቸው። በአበባማ አንሶላ ጠቅልለውታል። አንደኛው ላብ በላብ ሆኗል። ግድግዳ ተጠግቼ አሳለፍኳቸው። ታች ስንደርስ የብረቱን በር ያዝኩላቸው። «አይዟችሁ» አልኩ ደግሞ። «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» ብለው ሄዱ። የግቢው ጥበቃም ሰላም ብሎ ነው የሸኛቸው። ማታ ከሦስተኛ ፎቅ ጩኸት ተሰማ። አንሶላው ሳይቀር የሴትዮዋ ነበር።

ከዚያማ ሁላችንም ወጣን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ለቅሶ ቤት ይመስል ሶፋዋ ላይ ተደረደርን። «እግዜር ይተካልሽ» ተባለ። የተፈለቀቀውን በር በየተራ ዳበስነው። አንዱ «በፌሮ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ በካቻቪቴ ነው» ይላል። ፖሊስ ሲመጣ የጠበቀው የሌባው አሻራ ሳይሆን የኛ የብሎኩ ነዋሪዎች አሻራ ነው። እባካችሁ፣ በራችሁ ተሰብሮ ካገኛችሁት አትግቡ። ሰውዬው ገና ውስጥ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳትነኩ 991 ደውሉ። ማልቀሱ ይደርሳል።

ገንዘባችንን ብረት ላይ እናፈሳለን። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከላዩ ምላጭ ሽቦ፣ መስኮቱ ላይ እስር ቤት የሚያስንቅ ፍርግርግ። ክፉ ነው አልልም። (አንዱ ፍርግርግ ግን ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሳ በየት ልትወጡ ነው?) ይሄን ሁሉ አጥረን ቁልፉን የት እናስቀምጣለን? አበባው ሥር። በረንዳ ላይ ያለ አሮጌ ጫማ ውስጥ። ወይም ሱቅ። «ቁልፉን ለባለሱቁ ሰጥቼዋለሁ» ብለን ታክሲ ሙሉ ሰው እየሰማን በስልክ እንጮኻለን። የግቢውን በር ደግሞ ከውጭ በትልቅ ጓጉንቸር ቆልፈን እንሄዳለን። ጓጉንቸሩ ከሩቅ ሲታይ የሚናገረው ቤት ውስጥ ሰው አለመኖሩን ነው። በሩ ውስጥ የተገጠመ ቁልፍ ይህን ያህል አያወራም።

ቤት ስትከራዩም ስትገዙም ቁልፉን ቀይሩ። የለቀቀው ተከራይ ሁለት ፍሬ መልሶላችሁ ይሆናል። ስንት አስቀርጾ እንደነበር ግን የሚያውቁት እሱና ቁልፍ ቀራጩ ናቸው። ቀለም ቀቢውም፣ ቧንቧ ሠሪውም፣ ደላላውም ይዘውት ወጥተው ይሆናል። ዕቃ ሲጠፋ ግን ጣታችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤት ሠራተኛዋ ነው። ነውር ነው።

አፋችንም ይቆለፍ። ለጥምቀት ጎንደር የሚሄደው ሰው ገና መንገድ ላይ ሳለ ከነልጆቹ ፎቶ ይለጥፋል። ስትመለሱ ለጥፉት፣ ፎቶ አይሻግትም። ለፋሲካ አዳር ስትወጡም አንድ መብራት አብርታችሁ ሂዱ።

ገዢዎቹንም ሳልናገር አላልፍም። አዎ፣ እናንተን። 40 ሺህ ብር የሚያወጣ ላፕቶፕ በ8 ሺህ ሲመጣላችሁ «ዕድሌ ነው» ትላላችሁ። ቻርጀር የለውም። ካርቶን የለውም። የሻጩ ዓይን አንድ ቦታ አያርፍም። ልባችሁ ያውቀዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የተሰረቀ ዕቃ መቀበልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ገዢ ባይኖር ያን ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወርድ ማን ነበር? የራሳችሁን ዕቃ ደግሞ ዛሬውኑ ገልብጡና ጀርባው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሱት። ጎረቤቴ ጣቢያ ሄዳ ምልክቱን ስትጠየቅ «ጥቁር ነው፣ ትልቅ ነው» ከማለት ሌላ የምትለው አልነበራትም።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። «ማን ሊለቅ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ልጆቹ ይደናገጡ ነበር። አልጠየቅኩም። ቢመልሱልኝስ? «ከሦስተኛ ፎቅ፣ የአቶ እገሌ ዕቃ ነው» ቢሉኝ አምኜ አሳልፋቸው ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ ማን እንደሚኖር አላውቅማ! የሰፈራችን እናቶች እንግዳ ፊት ሲያዩ ከቡናቸው ላይ ቀና ብለው «ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?» ይሉ ነበር። እኛ ፎቅ ላይ ከወጣን ወዲህ መጠየቅ ነገረኛነት መሰለን። ነገረኛ ሁኑ! ዕቃ ሲወርድ ካያችሁ ጠይቁ፣ ለባለቤቱ ደውሉ። የምትደውሉበት ቁጥር ከሌላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ተቀበሉ።

እኔም በማግስቱ ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎረቤታሞች ነን። ሰውዬው በሩን ገርበብ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «የጥበቃ መዋጮ ከሆነ ከፍያለሁ» አለኝ።