በአንድ ሰው ወንጀል ዲቪን መዝጋት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 አሜሪካ ዲቪን አገደች። ምክንያቱም በብራውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን፣ ቀጥሎም አንድ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር የገደለው ፖርቱጋላዊ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ግሪን ካርድ ያገኘው በዲቪ መሆኑ ነው። ያኔ የአገር ውስጥ ደኅንነት ኃላፊ የነበሩት ክሪስቲ ኖም ሰውየው መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም አሉ።

ግድያው ዘግናኝ ነው። ምርመራውን ያጥብቁ፣ ማንም አይቃወምም። ግን ሰውየው አሜሪካ የገባው መጀመሪያ በዲቪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ያው ብራውን ለፊዚክስ ዶክትሬት ተቀብሎት፣ በተማሪ ቪዛ ነው። «ዕጣው ይቅር፣ ጎበዝ ጎበዙን መርጠን እናስገባ» የሚሉት ሰዎች ወንፊትም አሳልፎታል ማለት ነው። ታዲያ የፊዚክስ ትምህርቱም ይዘጋ?

በር ላይ ቆሞ የሰውን ዋጋ መተመን አይቻልም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስቡ። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መቷቸው። ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልሄዱም። እንደ ዛሬዎቹ ሂሳብ ቢሆን፣ በዊልቸር የመጣ ስደተኛ ሸክም ነው። ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የምትባል ትንሽ ቦታ ግን ተቀበለቻቸው። እዚያ ተቀምጠው የግዕዝ ብራናዎቻችንን አንድ በአንድ እያነበቡ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ። የእኛን ብራና ማጥናት የሚፈልግ የዓለም ምሁር ዛሬ ሚኒሶታን ደጅ ይጠናል። እኛ በጥይት የመታነው ሰው ያንን ክብር ለሌላ አገር ሠራ። ያኔ ትንሽ ልጅ የነበሩት ሴት ልጃቸው ሶስና ኃይሌስ? ዛሬ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። በነዳጅ ሴል፣ ማለትም ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ቴክኖሎጂ፣ ስማቸው የታወቀ ነው። የትኛው የቪዛ መኮንን ነው ይህን በአንዲት ሕፃን ፊት ላይ የሚያነብ?

አገር የሚገዝፈው እንዲህ ነው፤ ሌላው የገፋውን ሰው ሰብስቦ። ቻይና እንኳ ገብቷታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ለወጣት የሳይንስ ሰዎች አዲስ ቪዛ ጀመረች። ዋሽንግተን ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብላ በአዲስ የኤች ዋን ቢ፣ ማለትም የተማሩ ባለሙያዎች የሥራ ቪዛ፣ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ጭናለች።

ዲቪን «ዝም ብሎ ሎተሪ» ማለትም ያናድደኛል። የአክስቴ ልጅ ዲቪ ሲደርሳት የ12ኛ ክፍል ውጤቷን፣ አሻራዋን፣ የጤና ምርመራዋን ሰጥታ፣ ኤምባሲ ቀርባ ተጠይቃ ነው የሄደችው። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። አንድ የማይንቀሳቀሱ ሽማግሌ አሉ፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች። በዚያ ፈረቃ አብረዋት ያሉት ከጋና፣ ከፊሊፒንስና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። «የአገሬው ወጣት ሥራውን ፈልጎ ሲመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አንድም ቀን» አለችኝ።