ደንብ የሌለው የደንብ ልብስ

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የባህል ቀን ሲያከብር ተጠርቼ ነበር። ሕፃናቱ የቆሎ ተማሪ ሆነው ቀረቡ። ደበሎ፣ ማለትም ተማሪው የሚደርበው የበግ ለምድ፣ ተብሎ የለበሱት ከሶፋ ልብስ የተቆረጠ ነጭ ፀጉራም ጨርቅ ነው። የለመኑትን ቁራሽ የሚይዙበት አኩፋዳ ደግሞ ከካርቶን። ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አጎቴ ግን ዝም አሉ። በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥረዋል።

«ይሄ ደበሎ አይሸትም» አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

የተማሪ ልብስ ታሪክ ይጠና ሲባል ብዙ ሰው ከዘመናዊ ትምህርት ቤቱ የካኪ ዩኒፎርም ይጀምራል። ማን አዘዘው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ቀለሙን ማን መረጠው? ለካኪ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደበሎ ላይ ግን አይሠራም። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የጎጃሙ የዋሸራ ቅኔ ጉባኤ ቤት ዘመን ጠግቦ ነበር። ደበሎን ያወጀ ባለሥልጣን የለም። ያም ሆኖ ከዋሸራ እስከ ደብረ ኤልያስ ተማሪውን ከሩቅ የሚያሳውቀው እሱ ነው።

ምክንያቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪ ሆን ብሎ ከቤተሰቡ ይርቃል፤ ቅርብ ከሆነ እናት ትናፍቃለች፣ አባት ለእርሻ ይጠራል። ዜማ ፈላጊው ጋይንት ወዳለው ቤተልሔም፣ አቋቋም ፈላጊው ወደ ጎንደር፣ ቅኔ ፈላጊው ወደ ጎጃም ይጓዛል። ሸማ ይቀደዳል፤ በእንዶድ መታጠብም አለበት። የበግ ሌጦ ግን ፋሲካ በዋለበት ቤት ሁሉ አይጠፋም። ቀን ካፖርት ነው፣ ሌሊት ምንጣፍም ብርድ ልብስም ነው። የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ የሚወርደውን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ሲበርድ ጠጉሩን ወደ ውስጥ፣ ሲዘንብ ወደ ውጭ» አሉኝ አጎቴ።

«ቁንጫውስ?»

«እሱማ ትምህርት ላይ ስታንቀላፋ ይቀሰቅስሃል!»

ልብሱን ከዕብራውያን 11፥37 ጋር የሚያያይዝ አይጠፋም፤ «የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው ዞሩ» ይላል። ያምራል። በእኔ ግምት ግን ብርዱ ቀድሞ፣ ጥቅሱ ተከትሎ ነው የመጣው።

ደበሎ መታወቂያም ነበር። ተማሪው ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ባለቤቲቱ ደበሎውን አይታ ቁራሿን ታወጣለች። ውሻው ግን መታወቂያ አይቀበልም፤ ለእሱ በትር አለ።

«ድህነት ነው፣ ምኑ ይጠናል?» የሚሉኝ አሉ። ድህነቱን አልክድም። ልጆቻችን ዛሬ ይልበሱት የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ቅማል የሚያስተላልፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የተጨናነቀውን የተማሪ ጎጆ እየመረጠ ስንቱን ፈጅቷል። ይህም የልብሱ ታሪክ ነው፤ የባህል ቀን መድረክ ላይ ግን አይወጣም። ሌጦውን ያለፋው ሰውም አይወጣም። «ፋቂ» ብለን የሰደብነው እሱ ነው። አጥኚ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው እሱ ቤት ነበር። በምን ያለሰልሰው ነበር? ስንት ቀን ይፈጅበታል? ዋጋው በእህል ነው በብር? ከዚያ ቁራሽ ወደሚሰጡት እናቶች። ወረቀት ቤት የምገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ይቆየኛል፣ ሰዎቹ ግን ከሰማንያ አልፈዋል።

ከትምህርት ቤቱ ስንወጣ የራሳቸው ደበሎ የት እንደደረሰ ጠየቅኳቸው። ከዲማ ሲወጡ ከመርጡለ ማርያም አካባቢ ለመጣ አዲስ ልጅ ሰጥተውታል። የልጁን ስም ረስተዋል። የበጉን መልክ ግን አልረሱም፤ ዳለቻ ነበር።