አህያዋንም አንርሳት

ስለ ሐዋሳው የአህያ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የቀረበውን ጽሑፍ ሳነብ ዐይኔ እንባ አቀረረ። መጻሕፍት በጋሪ ላይ ደርድረው አህያ እየጎተተችው ወደ ልጆቹ እንዲደርስ ያደረጉትን አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን፣ ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸው ነበር። ይገባቸዋል። ጸሐፊው አህያዋን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፉ ግን ቅር አሰኝቶኛል። በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም የሆነች አገር ይዘን፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ከማለት ሌላ ለዚህች እንስሳ ምን ደግ ቃል አለን?

እኛ ቤት አንዲት ግራጫ አህያ ነበረች። አያቴ ከገበያ ሲገዟት ጀርባዋ በጭነት ተልጦ ዝንብ ወርሮት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳይጭኑባት፣ ጠዋት ጠዋት ቁስሏን ለብ ባለ የጨው ውኃ እያጠቡ አዳኗት። ከዓመታት በኋላ የአያቴ ዐይን ሲደክም፣ እጃቸውን ማጅራቷ ላይ ጣል አድርገው ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው እርሷ ሆነች። ድንጋይ የበዛበት ቁልቁለት ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ እግራቸውን እስኪያመቻቹ ትጠብቃለች። ቅዳሴው እስኪያልቅም ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ነች። ይህን ማንም አላስተማራትም።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የጋሪ አህዮችን ማን እንደሚያበላቸው፣ ሰኮናቸውን ማን እንደሚያይላቸው ጠይቁልን።