ቀለም ለምኔ

ዓለምን ንቆ ለመመነን ድሮ ዋልድባ ድረስ መሄድ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ አንድ ጣት ይበቃል። ስልካችን የሚያነሳው ፎቶ 16 ሚሊዮን ያህል ቀለም መያዝ ይችላል። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ትቶ፣ ፎቶውን ሁሉ ጥቁርና ነጭ እያደረገ በ256 ዓይነት ግራጫ ይኖራል። ምናኔ ማለት ይኼ ነው።

እኔማ አደንቀዋለሁ። እጅ የተንቀጠቀጠበት፣ ግማሽ ፊት የተቆረጠበት፣ ከጀርባው የልብስ ማስጫ ገመድ ከነካልሲው የሚታይበት ፎቶ በቀለም ሲሆን የተበላሸ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ጥበብ ይሆናል። ካልሲው ራሱ የሚተክዝ ይመስላል። የሚቀረው ከሥሩ «ዝምታ…» ብሎ መጻፍ ነው። ሦስቷ ነጥብ ግዴታ ናት።

ባለፈው መስከረም እንጦጦ ወጥቶ አደይ አበባ መሀል ተነሳ። አደይን እንግዲህ ዓመት ሙሉ የምንጠብቃት ለቢጫዋ ነው። እሱ ቢጫዋን አወጣላት። ለጥፎት ሳየው ጎመን ማሳ ውስጥ የቆመ መሰለኝ። «ስሜቱ ታየህ?» አለኝ። ታየኝ። የጎመን ስሜት።

ፎቶሾፕ የሚነካካ ሰው ደግሞ ይብሳል። እዚያ ውስጥ «ዲሳቹሬት» የምትባል ትእዛዝ አለች። ንጹሕ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ስጧት፤ አራቱንም አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጋ ትመልሳለች። ባንዲራው ኮከብ ይኑረው አይኑረው እያልን ስንት ዓመት ስንነታረክ፣ መፍትሔው እዚህ ተቀምጦ ኖሯል!

ረቀቅ ያሉት ደግሞ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የሚያፈኩበትና የሚያጨልሙበት መሣሪያ አላቸው። ቆዳችን ቀይና ቢጫ ስላለበት፣ ቀዩን ወደ ቀኝ ሲስቡት ፊት ይነጣል። ጓደኛዬ ይስበዋል፣ ይስበዋል። ጠይም ሆኖ የገባ ወተት መስሎ ይወጣል። ስሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የት እንደገባ የሚጠይቅ ግን የለም።

ከዚያ ላዩ ላይ የአሮጌ ፊልም ጭረት ይጨመርበታል። የትናንት ማታ ክትፎ በጃንሆይ ዘመን የተበላ ይመስላል። ድሮ እኮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተነስተው፣ ከፍለው ከንፈሩንና ጥለቱን በእጅ የሚያስቀቡ ነበሩ። ሞኞች! እነሱ ቀለም አጥተው ነው፤ እኛ ጠግበን።

ሐሙስ ማታ ጓደኛዬ ፕሮፋይሉን ቀየረ። ጥቁርና ነጭ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሥሩ አንድ ቃል፦ «አበቃ…»። ያበቃው ሴሚስተሩ ነበር። አርብ በጠዋት አክስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የእድሯን ሴቶች አስከትላ እያለቀሰች ደረሰች። በሩን የከፈተላት ሟቹ ራሱ ነው። ብርቱካናማ ፒጃማ ለብሷል።

አክስቱ ለቅሶዋን አቋርጣ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ልጅ! ደግሞ እንዲህ ደምቀህ!»