ክርክር፦ የጡት ካንሰርን ስርጭት የሚወስነው የካንሰሩ ሕዋስ ነው ወይስ አካባቢው?

የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ለሞት የሚዳርገው በአብዛኛው ጡት ውስጥ ያለው ዕጢ ሳይሆን ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል የተሰራጨው ነው። ይህን ስርጭት ለመግታት ምርምሩ ማስቀደም ያለበት የካንሰሩን ሕዋስ ነው ወይስ ዙሪያውን የከበቡትን ጤነኛ ሕዋሳት? አንዲት የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታን የመለየት ሙያ) ባለሙያና አንድ የካንሰር ሐኪም በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

ፓቶሎጂስቷ፦

እ.ኤ.አ. በ1889 እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስቲፈን ፔጀት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዛግብት ሲያገላብጡ፣ በሽታው ጉበትን ደጋግሞ ሲያጠቃ ደም በብዛት የሚደርሰውን ጣፊያን ግን እምብዛም እንደማይነካ አስተዋሉ። ዘሩ፣ ማለትም የካንሰሩ ሕዋስ፣ የትም ቢበተን የሚበቅለው በተስማማው አፈር፣ ማለትም በተስማማው የሰውነት ክፍል፣ ላይ ነው የሚለው ማብራሪያቸው ከዚህ የመነጨ ነው።

እኔም በማይክሮስኮፕ የማየው ይህንኑ ነው። ጤነኛ የወተት ቱቦ ዙሪያውን ማዮኤፒቴሊያል በሚባሉ ሕዋሳት የታጠረ ነው፤ ካንሰር ቱቦውን ሞልቶት እንኳ እነዚህ ሕዋሳት ሳይጓደሉ ከተገኙ ወራሪ ነው አንልም፤ መኖር አለመኖራቸውንም ናሙናውን አቅልመን እናረጋግጣለን። ካንሰሩ ጥሶ በወጣበት ስፍራ ግን ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት በዝተው፣ የሚያመርቱት ኮላጅን የተባለ የሰውነት ማያያዣ ፕሮቲን ወፍሮና ጠጥሮ ይታያል። አንዲት ሴት ጡቷን ስትዳስስ በእጇ የሚሰማት ጥንካሬ በከፊል የዚህ ኮላጅን ነው።

ሰውነትን መጠበቅ ሥራቸው የሆነው፣ ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ለዕጢው ያገለግላሉ። የካንሰሩ ሕዋስ ሲኤስኤፍ1 የተባለ ፕሮቲን ሲያመነጭ ማክሮፌጁ በምላሹ ኢጂኤፍ የተባለ የሕዋስን ዕድገት የሚያነሣሣ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ሁለቱም እየተጠራሩ ደም ሥር ድረስ ይዘልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ሲኤስኤፍ1 በሌላቸው አይጦች ጡት ላይ ዕጢው እንደ ወትሮው ቢያድግም ወደ ሳንባ መሰራጨቱ በእጅጉ ተገትቷል። ማደግና መሰራጨት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

የካንሰር ሐኪሙ፦

ባልደረባዬ ያቀረቡትን ማስረጃ አልክድም፤ የምቃወመው መደምደሚያቸውን ነው። አጥንትና አንጎል የሌላት ሴት የለችም። አፈሩ ይህን ያህል የሚመሳሰል ከሆነ፣ ኢስትሮጅን ለተባለው ሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር አጥንትን ሲያዘወትር፣ ኸር2 ፖዘቲቭ (ኸር2 የተባለ ፕሮቲን የበዛበት) እና ትሪፕል ኔጋቲቭ (የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይም ሆነ የበዛ ኸር2 የሌለው) የሚባሉት ወደ አንጎል ይበልጥ የሚያመሩት ለምንድን ነው? ልዩነቱ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው።

የብዙ ሴቶችን ዕድሜ ያራዘሙት ታሞክሲፈንና ትራስቱዙማብ የተባሉት መድኃኒቶችም ያነጣጠሩት በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ነው። በአንጻሩ ዕጢው የሚያስበቅላቸውን ደም ሥሮች የሚያግደው ቤቫሲዙማብ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ቢፈቀድም፣ ዕድሜ እንደሚያራዝም ሊረጋገጥ ስላልቻለ በ2011 ፈቃዱ ተነሥቷል። ታማሚዬ ፊቴ ተቀምጣ ምን እንደሚሻላት ስትጠይቀኝ በአይጥ ላይ የታየ ተስፋ ልሰጣት አልችልም።

ፓቶሎጂስቷ፦

እንግዲያው በሰው ላይ የታየውን ላቅርብ። አጥንት ላይ ያረፈ የጡት ካንሰር አጥንቱን በአብዛኛው የሚያስበላው በሌላ ሕዋስ ነው፤ አጥንት ማፍረስ የዘወትር ሥራቸው የሆነውን ኦስቲዮክላስቶች ያነሣሣል፣ አጥንቱ ሲፈርስም ውስጡ ተከማችቶ የቆየው ቲጂኤፍ ቤታ የተባለ ፕሮቲን ተለቅቆ ካንሰሩን መልሶ ያበረታዋል። ይህን ዑደት የሚሰብሩት ቢስፎስፎኔት የተባሉት መድኃኒቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የበርካታ ሙከራዎችን ውጤት አጣምሮ የመዘነ ትንታኔ እንዳሳየው፣ የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ካንሰሩ በአጥንት ላይ ማገርሸቱንም ሆነ በበሽታው መሞትን ቀንሰዋል። መድኃኒቶቹ በዋናነት የሚሠሩትም በኦስቲዮክላስቱ ላይ ነው። ባልደረባዬ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብለው ሲወስኑ የሚመረኮዙበት የ21 ጂን ምርመራ (በዕጢው ናሙና ውስጥ የ21 ጂኖችን እንቅስቃሴ የሚለካ) ራሱ ሲዲ68 የተባለውን ጂን ይለካል፤ ሲዲ68 ደግሞ የማክሮፌጅ መለያ ነው።

የካንሰር ሐኪሙ፦

ስለ ቢስፎስፎኔት እስማማለሁ፤ አዝዘዋለሁም። ይሁን እንጂ ያው ትንታኔ የወር አበባቸው ባልተቋረጠ ሴቶች ላይ ይህን ጥቅም አላገኘም። በ21ዱ ጂን ምርመራም ከፍተኛው ክብደት የተሰጠው የካንሰሩን ሕዋስ መባዛት ለሚያሳዩት ጂኖች ነው፤ የሲዲ68 ድርሻ በጣም ትንሽ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ማክሮፌጅ የሚሆኑትን ሕዋሳት ወደ ዕጢው የሚጠራው ሲሲኤል2 የተባለ ፕሮቲን በአይጦች ላይ በመድኃኒት ሲታገድ ስርጭቱ ቀንሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ስርጭቱ ከቀድሞው ብሶ አይጦቹ ቶሎ እንደሞቱ አሳየ። ስለዚህ አካባቢውን የሚነካ አዲስ መድኃኒት በእኔ ታማሚዎች ላይ ይሞከር ከተባለ፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ ያለውን ጊዜም የሚከታተል የሙከራ ዕቅድ ሳላይ ፈርሜ አላስገባቸውም።