አንዲት ሞግዚት ለስንት ሕፃን?

ባለፈው እሑድ የእቁባችን ዕጣ ከወጣ በኋላ ጨዋታው ወደ ሕፃናት ማቆያ ዞረ። ነገሩን ያነሣችው ባንክ የምትሠራ ወጣት እናት ናት። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንታት ነው። አንድ ቀን ቀደም ብላ ከቢሮ ወጥታ ልጇን ልትወስድ ስትሄድ ያየችውን ነገረችን። በአንድ ክፍል ውስጥ 11 ሕፃናት፣ ከእነርሱ ጋር አንዲት ልጅ እግር ሞግዚት ብቻ። ሞግዚቷ አንዱን አዝላለች፣ ሌላውን ታቅፋ ታባብላለች። የእርሷ ልጅ ፍራሽ ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ጡጦው በታጠፈ ብርድ ልብስ ተደግፎ አፉ ውስጥ ተሰክቷል። የሚይዝለት ሰው የለም። ወተቱ በአገጩ ፈስሶ የአንገት ልብሱን አርሶታል። ትን ቢለው ማን ያየው ነበር? "ሁለተኛዋ ሞግዚት የት አለች?" ብላ ብትጠይቅ፣ ዕቃ እያጠበች ነው አሏት።

"ታዲያ ልጁ ምን ሆነ? ደኅና አይደለም እንዴ?" አሉ ከመካከላችን አንድ የሒሳብ ባለሙያ። "አይዞሽ ልጄ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል።"

እኒህ ሰው በእቁቡ ሒሳብ አምስት ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። የሕፃናቱ ቁጥር ሲነሣ ግን ቁጥር ሁሉ ጠፋቸው።

ለእረፍት ከአሜሪካ የመጣች እንግዳ አብራን ነበረች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሕፃናት ማቆያ ለዓመታት ሠርታለች። በዚያ ግዛት ደንብ፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ለሆኑ ሕፃናት አንድ ሠራተኛ ከሦስት በላይ እንደማትይዝ፣ በአንድ ክፍልም ከስድስት በላይ ጨቅላ እንደማይደረግ ነገረችን። "ሽንት ቤት መሄድ ስፈልግ እንኳ የምትተካኝ ሰው ገብታ ካልቆመች ከክፍሉ አልወጣም ነበር" አለች። ምግብ የምታበስለው አትቆጠርም። ቢሮ የተቀመጠችው ኃላፊም አትቆጠርም። የሚቆጠረው ልጆቹን እያየ አብሯቸው ያለው ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱንም ስታስረዳ ሁለት እጆቿን ዘረጋችልን። እሳት ቢነሣ መራመድ የማይችል ሕፃን ታቅፎ ነው የሚወጣው፤ አንድ ሰው ስንት ሕፃን ታቅፎ መሮጥ ይችላል?

"እርሱ ለሀብታም አገር ነው" አሉ የሒሳብ ባለሙያው። "እነርሱም እያላሉት ነው። እንግሊዝ አላላችው የሚል ሰምቻለሁ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ፈረንጅም ይህ እየገባው ነው።"

የሰሙት ነገር እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው የሰሙት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመስከረም 2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የሁለት ዓመት ልጆችን የሚይዝ አንድ ሠራተኛ ከአራት ወደ አምስት ልጅ ከፍ እንዲል ተፈቅዷል። ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ግን ዛሬም አንድ ለሦስት ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ ቁጥሩን ለማላላት ቀርቦ የነበረው ዕቅድ በራሱ በመንግሥቱ ውስጥ ተቃውሞ ገጥሞት ቀርቷል። አንዲት ልጅ ለመጨመር አገር እንዲያ ሲሟገት፣ እኛ ዘንድ 11 ሕፃን ለአንዲት ልጅ እግር ተሰጥቶ "ምን ሆነ?" ይባላል።

ሰውየው ይህም ሲዘጋባቸው ወደ ልጅነታቸው ሄዱ። እናታቸው ስምንት ልጆች ብቻዋን አሳድጋለች። እርሳቸውም 80 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ተምረው እዚህ ደርሰዋል። እንደገናም ልጅ በዕድሉ ያድጋል።

የእቁቡ ትልቅ እናታችን እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። "አንተ ልጅ፣ ስምንታችሁ በአንድ ቀን ነው እንዴ የተወለዳችሁት?" አሏቸው። "ታላቅ እኅትህ አልነበረችም እንዴ የምታዝልህ? አያትህ የት ሄዱ? እናትህ ገበያ ስትወርድ ለጎረቤት አደራ ብላ አልነበረም እንዴ?"

እኔ ከዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው ይህ ነው። የድሮው አስተዳደግ እየተባለ የሚነሣብን ሁሉ ለእኛ ነው የሚመሰክረው። አንድ ሕፃን እናቱ፣ አያቱ፣ አክስቱ፣ እኅቱና ጎረቤቱ እየተቀባበሉ ነው ያሳደጉት። ለአንድ ልጅ አምስት ሰው ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ገብተን በራችንን ዘግተን፣ አያት አገር ቤት ቀርታ፣ እኅት ትምህርት ቤት ውላ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ሥራ አንዲት ሞግዚት ላይ ጭነን "እኛም እንዲህ ነው ያደግነው" እንላለን። እንዲህ አላደግንም።

ወጣቷ እናትም ጨመረችበት። "ጋሼ፣ እኛ ቅርንጫፍ ካዝናው የሚከፈተው ሁለት ሰው በያዘው ቁልፍ ነው። ለብር ሁለት ሰው ካስፈለገ ልጄ ከብር ያንሳል?" ሰውየው የመለሱት ስለ ዋጋ ነው። ሞግዚት ቢጨመር ክፍያው ይጨምራል፣ ማን ይችለዋል አሉ። ይህ እውነት ነው። ግን ስላልተቻለ ሕፃኑ ብቻውን ጡጦ ይጥባ አይባልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። የሦስት ወር ልጅ አንገቱን እንኳ በቅጡ አያጸናም፤ ማቆያ የሚገባው ያኔ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። የግል አሠሪዎችስ ከሠራተኞቻቸው እናቶች ጋር ወጪውን ቢጋሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

ደግሞ ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚሉት ሰው የልጅ ልጃቸው የምትውለው ቤት ነው። ሴት አያቷና አንዲት ሞግዚት ይዘዋት። ለእርሷ ሁለት ሰው ነው፤ በዕድል የሚያድገው የሌላው ልጅ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ሁላችንም ነን። ልጅ ለማስመዝገብ ስንሄድ የምንጠይቀው በእንግሊዝኛ ያወራሉ ወይ፣ በስልክ የምናይበት ካሜራ አለ ወይ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ጋዋን ለብሰው ይመረቃሉ ወይ የሚለውን ነው። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ፣ ስንት ሞግዚት ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ብዙ አላየሁም። ለአንድ ዓመት ልደት አዳራሽ ተከራይቶ፣ በፊኛ አስጊጦ፣ ፎቶ አንሺ የጠራ ቤተሰብ፣ ማቆያው ሁለተኛ ሞግዚት ቀጥሬ ክፍያ ጨመርኩ ሲለው ልጁን አውጥቶ ወደ ርካሹ ይወስዳል። አባቶችማ አብዛኛዎቻችን ልጃችን የሚውልበትን ክፍል በዓይናችን አላየንም። ያቺ ልጅ እግር ሞግዚት ከገጠር መጥታ፣ ማንም ሳያሠለጥናት፣ ከቤት ሠራተኛ ባነሰ ደመወዝ 11 ሕፃን ታዝላለች። አንድ ልጅ የወደቀ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ የምትወሰደው ግን የማቆያው ባለቤት ወይም እኛ ሳንሆን እርሷ ናት።